«ሚስቱንስ ለማን ትቶ ነው የሄደው?»

በቤታችሁ ካሉት መጻሕፍት መካከል ባልና ሚስትን፣ ወላጅንና ልጅን ያነጋገረው የትኛው ነው? አብዛኞቻችን ብቻችንን አንብበን ስንጨርስ «ተባርኬበታለሁ» ብለን መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው እንመልሰዋለን። ዛሬ የማጫውታችሁ አንድ መጽሐፍ በእኔ ቤት ስላስነሣው ጥያቄ ነው።

መጽሐፉ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያን ስለ መንገደኛው ክርስቲያን የጻፈው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1678 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ አማርኛ ከተተረጎመም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቅዳሜ ማታ ቡና ሲፈላ ጥቂት ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ከዚያ ሁሉም በተራው የመሰለውን ይናገራል።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን የወደደው በጥርጥር ግንብ የታሰሩትን መንገደኞች ታሪክ ነው። ተስፋ መቁረጥ የተባለው ግዙፍ ሰው ሲደበድባቸው ሰነበተ። በኋላ ግን ክርስቲያን የተስፋ ቃል የሚባለው ቁልፍ በጉያው እንዳለ ትዝ አለውና በሩን ከፍተው ወጡ። «ቁልፉ እሱ ጋ እያለ ለምን ይደበደባል?» አለ ልጁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ቆይተን ግን ዝም አልን።

ዓይናቸው የደከመው አማቴ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን ድልድይ የሌለውን ወንዝ ደጋግመን እንድናነብላቸው ጠየቁ። ክርስቲያን መስጠም ሲጀምር ጓደኛው ራሱን ደግፎ ያሻግረዋል። «ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ሰው ውኃው ሲደርስ ከፈራ፣ እኔ ብፈራ ምን ይደንቃል?» አሉ። እኛ እስከዚያን ቀን መፍራታቸውን አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንዳችን አጠገባቸው ተቀምጠን ሳንጸልይ አይተኙም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ገና በመጀመሪያው ምሽት የተነሣው ነው። ክርስቲያን ጉዞውን ሲጀምር ሚስቱና ልጆቹ «ተመለስ» እያሉ ሲጮኹ ጆሮውን ደፍኖ ይሮጣል። እኔም «ይህ ምሳሌ ነው፤ ጌታን ማስቀደም ማለት ነው» ብዬ ላልፍ ስል ባለቤቴ አቋረጠችኝ።

«ምሳሌ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ሚስቱንስ ለማን ትቶ ነው የሄደው? አንተም ሰኞ ስብሰባ፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ ጉብኝት እያልክ ስትወጣ ልጆቹ ይጠሩሃል፤ አትሰማም።»

ጥቅስ ጠቅሼ ልመልስላት አሰብኩ። ነገር ግን የሚናገረው ሰው ሳይታረም ይጨርስ ብለን ተስማምተን ስለነበር አፌን ያዝኩ። እሷ እስክትጨርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ስለ ቡንያን ሕይወት አነበብኩ። በ1660 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ በመስበኩ ታስሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በእስር ቆይቷል። አራት ልጆች ነበሩት፤ አንዷ ዓይነ ስውር ነበረች። ባለቤቱ ኤልሳቤጥ እንዲፈታላት ዳኞች ፊት ቆማ ለምናለች። እሱም እስር ቤት ሆኖ የማሰሪያ ክር እየሠራ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። ከእነርሱ መለየቱ እጅግ እንዳሠቃየው ራሱ ጽፏል። በ1684 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የክርስቲያን ሚስት ክርስቲያና አራቱን ልጆቿን ይዛ በዚያው መንገድ ትጓዛለች።

ይህን ስነግራት «እንግዲያው ሁለተኛውንም እናንብበው፤ ግን አንተም ቤት ስትኖር ነው» አለችኝ። ከሦስቱ ምሽቶች ረቡዕን ለቤቴ መለስኩ። የጸሎት ቡድኑ ሌላ መሪ አገኘ፤ ልጆቼ ግን ሌላ አባት የላቸውም።

ወገኖቼ፣ እናንተም ሞክሩት። ሁሉም ሊሰማው የሚችል አንድ መጽሐፍ ምረጡና ጥቂት ጥቂት አንብቡ። አስተያየት ስትጠይቁ ከትንሹ ጀምሩ፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ልጆች እሱን ይደግማሉ። «የነካህ የቱ ነው? ያልተስማማህበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለመስማማታቸው አትደንግጡ፤ የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ በቅዱሳት መጻሕፍት መርምረዋል (ሐዋ. 17፥11)። ባል ወይም ሚስት በመጽሐፉ ሰው አሳብበው የራሳቸውን ቤት ሲናገሩ ከሰማችሁ ደግሞ ለመመለስ አትቸኩሉ። ያ ቃል ለመውጣት ብዙ ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።