ሰው ሠራሽ ዓይን በምን ይታጠባል?

ሐዋሳ ውስጥ ወለሉም፣ ሰላጣውም፣ ነጭ ልብሱም በረኪና ያውቀዋል። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ሳኒታይዘር ከቦርሳ አልጠፋም። ሰው ሠራሽ ዓይን የሚያደርግ ሰው ግን ሁለቱንም ከዓይኑ ያርቅ። ጀርም መግደሉን ይገድላሉ፤ ዓይኑንም አብረው ያበላሹታል።

ሰው ሠራሽ ዓይን ብዙዎች እንደሚገምቱት ድብልብል ኳስ አይደለም፤ ከዓይን ቆብ ሥር የሚገባ ጎበጥ ያለ ቅርፊት ነው። ቀድሞ ከመስታወት ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን መስታወት ሲታጣ፣ የአሜሪካ ጦር የጥርስ ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠሩበት አክሪሊክ ፕላስቲክ ይሠሩት ጀመር። ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው ከእሱ ነው።

አክሪሊክ ውሃና ሳሙና ይችላል፣ እንደ ሳኒታይዘሩ ያለ አልኮል ግን አይችልም። አልኮል ደጋግሞ ሲነካው ፊቱ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁም ለባክቴሪያ መሸሸጊያ፣ ለቆቡ ውስጠኛ ሥጋ ደግሞ ሞረድ ይሆናል። የጥርስ ሳሙናም ይፍቀዋል። ‹‹ቀቅዬው ልገላገል›› ማለትም አያዋጣም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይህም ቢሆን አክሪሊክ ሊለሰልስ ለሚጀምርበት ሙቀት ቅርብ ነው። ቅርጹ ጥቂት ከተዛባ ቦታው ላይ በደንብ አይቀመጥም።

እንግዲህ የሚቀረው ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ነው። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ በልቶ የመጣ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ይታጠብ። የመታጠቢያው ቀዳዳ ይደፈንና ፎጣ ይነጠፍበታል፤ ዓይኑ ከእጅ ቢያመልጥ ሳይጫር ፎጣው ላይ ያርፋል። በጣት ጫፍ አሽቶ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ማለቅለቅ ነው፤ የቀረ ሳሙና ያቃጥላል። የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰ ወይም ሮቶ ውስጥ ከከረመ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሻላል።

በኔ እምነት ከቆሻሻው ይልቅ ብዙ ሰውን የሚጎዳው ጽዳት ማብዛቱ ነው። ዓይኑ በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ ሥጋው ይቆጣል፣ ዓይናር ይበዛል፤ ዓይናሩ ሲበዛ ባለቤቱ ቆሸሸ ብሎ እንደገና ያወጣዋል። ባለሙያው ሌላ ካላዘዘ ሌሊትም እዚያው ሊያድር ይችላል፤ ብዙዎች ሳምንታት ሳያወጡት ይቆያሉ። የባጃጅ አቧራ ሲያስቸግር ዓይንን ጨፍኖ ወደ አፍንጫ በኩል በንጹሕ ሶፍት መጥረግ ይበቃል። የታችኛውን ቆብ ወደ ውጭ መጎተት ግን መንገድ መሐል ዓይኑን ሊጥለው ይችላል።

ወጥቶ የሚቆይ ከሆነ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ንጹሕ ውሃ ወይም ከፋርማሲ የተገዛ ሳላይን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከደረቀ ላዩ ላይ ያለው ዝቃጭ ይጋግራል። ጭረቱን የሚያነሣው የባለሙያ ማለስለሻ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደረግለት ጥሩ ነው። አረንጓዴ ዓይናር፣ ደም ወይም ሕመም ከመጣ ግን ሳሙና መቀያየሩን ትቶ ወደ ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወይም በቅርብ ወዳለ የዓይን ሐኪም መሄድ ነው።