ጎርፍ ስለ ነካው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፥ አልነሣ ሲል ምክንያቱ እንዴት እንደሚመረመር

በጎርፍ ወይም በባሕር ማዕበል ተውጦ የነበረ አውቶሞቢል ውሃው ሸሽቶ፥ ጭቃው ታጥቦና ፀሐይ መትቶት ሲታይ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቱ በሩን ከፍቶ የማስነሻውን ቍልፍ ቢጫን መብራት አይበራም፥ ድምፅም አይሰማም። በአሜሪካ አገር እንደዚህ ያለውን ተሽከርካሪ የመድን ኩባንያ ለባለቤቱ ካሣ ከፍሎ ይረከበውና በሐራጅ ይሸጠዋል፤ የደረሰበትም ጉዳት በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ይመዘገባል። ዋጋው የረከሰ ስለ ኾነ ገዢ አያጣም፥ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላ አገር የሚሄድም አለ። በኢትዮጵያም መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓመተ ምሕረት ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። እንግዴህ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ «ርካሽ አግኝቻለሁ፥ ልግዛውን?» እያለ ወደ መምህር ወይም ወደ ሽማግሌ ለምክር የሚመጣ ሰው ቢኖር፥ የነገሩን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ኹለት ባትሪ አለው። አንደኛው ከወለሉ በታች የተዘረጋው ታላቁ ባትሪ ነው፤ ኀይሉም በብዙዎቹ 400 ቮልት ያኽል፥ በአንዳንዶቹ 800 ቮልት ያኽል ነው። ኹለተኛው በሌላውም መኪና የሚገኘው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ነጂው ቍልፉን ሲጫን የሚቀሰቅሰው ታላቁን ሳይኾን ትንሹን ነው። ትንሹ ባትሪ ኮምፒዩተሮቹን ያነቃል፤ ኮምፒዩተሮቹም ነገሩ ኹሉ ደኅና መኾኑን ይመረምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ኮንታክተር የሚባሉትን ታላላቅ ማብሪያዎች አገናኝተው የታላቁን ባትሪ ኀይል ወደ ሞተሩ ይለቃሉ። ትንሹም ባትሪ መልሶ የሚሞላው ከዚያ ወዲያ ከታላቁ እየተቀበለ ነው። ስለዚህ ትንሹ ከሞተ፥ ታላቁ ሞልቶ ሳለ አውቶሞቢሉ ድዳ ይኾናል፤ በጓሮ እንጨት ተከምሮ ሳለ ፍም እንደ ታጣበት ምድጃ ነው። ዳሩ ግን እንቢታው ሌላም ትርጓሜ ሊኖረው ይችላል፤ ይኸውም ኮምፒዩተሩ እንደ በር ዘበኛ አደጋ አይቶ «አልከፍትም» ማለቱ ነው። የምርመራው ሥራ እነዚህን ኹለቱን መለየት ነው።

በመዠመሪያ የሚጠየቀው ስለ ኤሌክትሪኩ ሳይኾን ስለ ውሃው ነው። የዝናም ጎርፍ ነበረን ወይስ የባሕር ውሃ? እስከ ወለሉ ደረሰን ወይስ እስከ መቀመጫው? ስንት ሰዓትስ ተኛበት? ሻጩ ባይናገር መኪናው ራሱ ይናገራል። የመቀመጫው ቀበቶ እስከ መጨረሻው ተስቦ ቢወጣ ውሃው የደረሰበት መሥመር በጨርቁ ላይ ይታያል፤ ከምንጣፉ በታችና በመቀመጫው ሐዲድ ውስጥ፥ በፊት መብራቶቹም ውስጥ ደለል ይቀራል፤ የአጣቢ እጅ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም።

የባሕር ውሃ ከኹሉ ይከፋል። በአንዱ ሊትር 35 ግራም ያኽል ጨው አለበት፤ ጨዋማ ውሃም ኤሌክትሪክን አጥብቆ ያስተላልፋል። ውሃው ቢደርቅም ጨው ይቀራል፤ ጨውም ከአየሩ ርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓመት በጥቅምት ወር ሳንዲ የተባለው ማዕበል በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በተነሣ ጊዜ፥ በኒው ጀርሲ በኒዋርክ ወደብ ቆመው ከነበሩት ፊስከር ካርማ ከሚባሉት በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የሚሠሩ አውቶሞቢሎች 16ቱ ተቃጠሉ። ሠሪው ኩባንያ መርምሮ እንዳስታወቀው፥ እሳቱ የተነሣው ከታላቁ ባትሪ አልነበረም፤ ኀይሉን ከ12 ቮልት ባትሪ የሚያገኝ አንድ የመቈጣጠሪያ ሳጥን በባሕር ውሃ ተነክሮ ጨው ስለ በላው ነው፤ ከዚያም ነፋሱ እሳቱን ወደ ሌሎቹ አዛመተው። «12 ቮልት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነው። በ2022 ዓመት በመስከረም ወር መጨረሻ ማዕበል ኢያን ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ደግሞ፥ በጨው ውሃ የተነከሩ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ውሃው ሸሽቶ ሳለ እሳት እየተነሣባቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አስቸግረዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው አውቶሞቢል ከቤትና ከሌላ ተሽከርካሪ 15 ሜትር ያኽል ርቆ በሜዳ ይቆማል፤ ምርመራው እስኪፈጸም ድረስም ቻርጅ አይደረግም።

ችኩል ሰው ከኹሉ አስቀድሞ ከሌላ መኪና ሽቦ ዘርግቶ ኀይል ያበድራል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ሳጥኖቹ ገና ርጥብ ሳሉ ኤሌክትሪክ ቢገባባቸው፥ ቢደርቅ ይድን የነበረው ይቃጠላል፥ መዳቡም አረንጓዴ ኾኖ ይበላል። ብልኅ ሠራተኛ የትንሹን ባትሪ ነጌቲቭ የሚባለውን ሽቦ ይፈታል፤ ምንጣፉን ያነሣል፤ የፊውዝ ሳጥኖቹንና የትንሹን ኀይል ሶኬቶች እየከፈተ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ይፈልጋል፤ የረጠበውን ያደርቃል። ከዚያ በኋላ ቴስተሩን ያነሣል። እርሳስና አሲድ ያለበት የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያኽል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ኀይሉ አልቋል ማለት ነው። ባትሪው በደኅና ተለውጦ ሳለ ቍልፉ ሲጫን ቍጥሩ በድንገት የሚያሽቈለቍል እንደ ኾነ፥ በአንድ ስፍራ ኤሌክትሪኩ ያለ መንገዱ እየፈሰሰ ነው። ቍጥሩ ጸንቶ ሳለ ምንም የማይነቃ እንደ ኾነ ግን የተቋረጠ መንገድ አለ፤ በዚህ ጊዜ የየፊውዙ ኹለት እግሮች በየተራ ይለካሉ፤ በአንዱ 12 ቮልት ተገኝቶ በሌላው ከታጣ ፊውዙ ተቃጥሏል። አዲሱም ወዲያው ቢቃጠል ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ ከልኩ የበለጠ ፊውዝ አይተካም፥ በሽቦም አይታሰርም። ፊውዞቹ ኹሉ ደኅና ከኾኑ ከአካሉ ብረት ጋራ የሚታሰሩት ሽቦዎች ይፈተሻሉ፤ ጎርፍ ፈጥኖ የሚያበላሸው እነዚህን ነው፥ ብዙዎችም የሚረሱት እነዚህን ነው። የዛገው ቡሎን ተፈትቶ፥ ብረቱ ተፍቆ እንደ ገና ሲታሰር «ሞቷል» የተባለው መኪና የሚነቃበት ጊዜ አለ።

መብራቱ በርቶ፥ መኪናው ግን ለመሄድ ዝግጁ መኾኑን የሚያሳየውን ምልክት የማያወጣ እንደ ኾነ ነገሩ ተለወጠ። ትንሹ ባትሪ ሥራውን ሠርቷል፤ እንቢ ያለው ዘበኛው ነው። ያን ጊዜ የመመርመሪያ መሣሪያ ተሰክቶ ኮምፒዩተሩ የመዘገበው የብልሽት ቍጥር ይነበባል። ከጎርፍ በኋላ በተለይ የሚጠረጠሩት ኹለት ምክንያቶች ናቸው። አንዱ፥ በታላቁ ኀይል ሶኬቶች ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን የጥበቃ ሽቦ መቋረጡ ነው፤ አንድ ሶኬት ላልቶ ወይም ዝጎ ቢገኝ ኮንታክተሮቹ አይገናኙም። ኹለተኛውና የሚያስፈራው፥ ከታላቁ ባትሪ ወደ አካሉ ብረት ኤሌክትሪክ ማምለጡ ነው። ታላቁ ባትሪ ከመኪናው ብረት ተለይቶ እንዲኖር ተደርጎ ተሠርቷል፤ መለየቱም በኦም ይለካል። በዓለም አቀፉ ደንብ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ብቻ በሚሄድበት ለየቮልቱ ከ100 ኦም፥ ተመላላሽ ኤሌክትሪክ በሚሄድበት ደግሞ ከ500 ኦም ማነስ የለበትም። ለ400 ቮልት በኹለተኛው ሒሳብ 200,000 ኦም ይመጣል። ማባዛቱን የአራተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ ልኩን በመኪናው ላይ መለካት ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ጨዋማ ውሃ ይህን ቍጥር እጅግ ያወርደዋል፤ በዚያን ጊዜ የታላቁን ኀይል ሌላ ጫፍ የነካ ሰው በአካሉ ብረት በኩል ይመታል።

ጥፋቱ በባትሪው ውስጥ ላይኾን ይችላል፤ በማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር፥ በማሞቂያው፥ ወይም ቻርጅ በሚደረግበት አፍ ውሃ ገብቶ እንደ ኾነ፥ ዐዋቂው አንዱን ካንዱ እየለየ ሲለካ ያገኘዋል። የብልሽቱን ቍጥር ከኮምፒዩተሩ ፍቆ መተው፥ ወይም ኮንታክተሩን በውጭ ሽቦ በግድ ማገናኘት ግን ዘበኛውን አስሮ ሌባውን ማስገባት ነው።

ብርቱካን ቀለም ያላቸውን ሽቦዎች ያልተማረ ሰው አይነካም። የተማረውም ቢኾን እስከ 1,000 ቮልት የተፈተነ የጎማ ጓንት አድርጎ፥ የታላቁን ኀይል መለያ መሰኪያ ነቅሎ፥ በሠሪው መጽሐፍ የታዘዘውን ደቂቃ ቆይቶ ይዠምራል፤ ካፓሲተር በሚባሉት ዕቃዎች ውስጥ ኀይል ጥቂት ጊዜ ይቀመጣልና። የባትሪው ሳጥን ውስጥ ግን መሰኪያው ቢነቀልም ኀይሉ አይጠፋም። ከሳጥኑ ውሃ ቢንጠባጠብ፥ የፉጨት ድምፅ ወይም እንግዳ ሽታ ቢወጣ፥ ወለሉም ቢሞቅ ሰው ኹሉ ይርቃል፥ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ይጠራል።

ወደ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ የገባበት ባትሪ ደርቆ እንደ ገና የሚሠራበት ተስፋ ጥቂት ነው፤ ለውጡም ብዙ ጊዜ አውቶሞቢሉ በሐራጅ ከተገዛበት ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ምክር የሚጠየቅ ሽማግሌ ገዢውን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሠለጠነ ጋራዥ የተለካውን የኦም ቍጥር በጽሑፍ እንዲጠይቅ ሊነግረው ይችላል። ሻጩ ይህን ያልፈቀደ እንደ ኾነ፥ ያ መኪና በጎማው፥ በመስተዋቱና በመቀመጫው ዋጋ ብቻ ይገመታል።