የያዝነው ብረት ሲይዘን፦ በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ውስጥ ስላለው የእጅ መያዣ አነዳደፍ



በዚህ መድረክ ከእኔ በፊት የቀረቡት ገለጻዎች ስለ ሞተር፣ ስለ ባትሪና ስለ መንገድ ነበሩ። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቱቦ ብረት ነው። በአውቶቡስም ሆነ በባቡር ስንሳፈር ሁላችንም የምንጨብጠው፣ ከወረድን በኋላ ግን ትዝ የማይለን ነገር ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ለሚታያችሁ፣ ወደ ስሌቱ ከመግባቴ በፊት ወደዚህ ጥናት ያስገባኝን ነገር ላውጋችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አክስቴ ከገበያ ሲመለሱ በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ሳለ ወደቁና የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። አውቶቡሱ ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨም። አሽከርካሪውም በፍጥነት አይነዳም ነበር፤ ድንገት መንገድ የገባ ልጅ አይቶ ፍሬን ያዘ፤ ልጁም ተረፈ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ልጁን እያየ «ተመስገን» ሲል አክስቴ ወለሉ ላይ ነበሩ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ፣ የመሐንዲስ ነገር ሆኖብኝ፣ «ብረቱን አልያዙም ነበር እንዴ?» አልኋቸው። «ይዤ ነበር እንጂ! እኔ ያዝሁት፤ እሱ ግን አልያዘኝም» ብለው መለሱልኝ። ያን ጊዜ ንግግራቸውን እንደ ቀልድ ወስጄው ነበር። በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ፣ የተናገሩት ነገር ትክክለኛ የመካኒክስ ዓረፍተ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

በቅድሚያ ሰው በተሽከርካሪ ውስጥ ለምን እንደሚወድቅ እንመልከት። ተሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ወለሉ የተሳፋሪውን እግር ያዘገየዋል፤ የላይኛው አካሉ ግን በቀድሞው ፍጥነት ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። የአንድ አዋቂ ሰው የክብደት ማዕከል ከወለሉ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከእግሩ ጣቶች ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደኋላ ይገኛል ብለን እንነሣ። ሰውየው ሳይራመድና ምንም ሳይዝ ሊቋቋመው የሚችለው የፍጥነት መቀነስ የእነዚህ የሁለቱ ርዝመቶች ንጽጽር በመሬት ስበት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ውጤቱ በሰከንድ ካሬ 1.2 ሜትር ያህል ይሆናል።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ እናስብ። ይህ አውቶቡስ ከ7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከቆመ፣ ምንም ያልያዘ ቋሚ ተሳፋሪ ወይ እግሩን ያነሣል ወይ ይወድቃል። ረጋ ያለ አሽከርካሪ እንኳ ፌርማታ ላይ ሲቆም ከዚህ ባነሰ ጊዜ ያቆማል። እንግዲህ የእጅ መያዣ ለድንገተኛ አደጋ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በየፌርማታው ሥራ ላይ የሚውል የተሽከርካሪው አካል ነው።

አሁን እጁ የሚሸከመውን እንመዝን። ሰውየው 70 ኪሎ ግራም ይመዝን፤ ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ መያዣ ጨብጧል እንበል። አውቶቡሱ ከ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነሥቶ በ4 ሰከንድ ቢቆም፣ እጁ የሚችለው ጫና 48 ኒውተን ያህል፣ ማለትም 5 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የማንሣት ያህል ነው። በ1.5 ሰከንድ ቢቆም ግን ጫናው ወደ 236 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 24 ኪሎ ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ፍሬኑ የበረታው ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ሲሆን፣ በእጅ ላይ ያረፈው ጫና ግን አምስት እጥፍ ሆነ። ምክንያቱም የመጀመሪያውን ድርሻ የሰውነት የራሱ ሚዛን ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሁሉ የሚወርደው በእጅ ላይ ነው። በየዕለቱ የሚሳፈር ሰው ብረቱን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ የሚቆመው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የዘወትር ልምዱ የ5 ኪሎውን እንጂ የ24 ኪሎውን አላስተማረውም።

ወደ አክስቴ ነገር ልመለስ። የያዙት በጣሪያው ሥር ከፊት ወደኋላ የተዘረጋውን ረጅም ቱቦ ነበር። በአውቶቡሶቻችን ውስጥ በብዛት የምናየው መያዣ ይኸው ነው፤ ለመግጠም ቀላል ነው፣ መተላለፊያውንም አያጠብም። ነገር ግን አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ አካልን የሚገፋው ጉልበት የሚሄደው በየት አቅጣጫ ነው? በዚያው በቱቦው አቅጣጫ ነው። እጅ በቱቦው ላይ ወደፊት ይንሸራተታል፤ የሚያስቆመውም በመዳፍና በብረት መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። መዳፉ ላብ ካለው፣ ብረቱም በብዙ ሺህ እጅ ተወልውሎ ከለሰለሰ፣ ይህ ሰበቃ እጅግ ያንሳል። በአንጻሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ የያዘ ሰው ጉልበቱ የሚመጣበት ቱቦውን አቋርጦ ነው። ጣቶቹ ዘንጉን ስለጠመጠሙት፣ መዳፉ እስካልተፈታ ድረስ ብረቱ ራሱ ያግደዋል። የመጀመሪያው በመጭመቅ ብርታት ሲይዝ ሁለተኛው በቅርጹ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ በእኔ ግምት፣ የዚህ ርእሰ ጉዳይ እምብርት ነው፤ በስብሰባም በጨረታ ሰነድም ላይ ሲነሣ ግን አልሰማሁም። የሚጻፈው «በቂ የእጅ መያዣ ይኑረው» የሚል ነው። በቂ የሚለው ቃል አቅጣጫን አይናገርም።

የጣሪያውን ቱቦ ጨርሶ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አውቶቡሱ አደባባይ ሲዞር አካል የሚገፋው ወደ ጎን ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ይኸው ቱቦ በሚገባ ያግዳል። ጉድለቱ የሚታየው ብቻውን ሲቀር ነው። መፍትሔውም ውድ አይደለም። በተወሰነ ርቀት ቋሚ ዘንግ ማቆም፣ በመተላለፊያው በኩል ባሉት የወንበር መደገፊያዎች ጫፍ ላይ እጅ የሚሞላ መያዣ ማውጣት፣ በጣሪያው ቱቦ ላይም በየመሐሉ እጅን የሚያስቆም አንጓ መግጠም ይቻላል። ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን ማንጠልጠያ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማንጠልጠያ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው ከተወዛወዘ በኋላ ነው የሚይዘው። በቱቦው ላይ እንዳይንሸራተት ካልታሰረማ፣ የአክስቴን ታሪክ ከነገመዱ ይደግመዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የከፍታ ጉዳይ ነው። ወጣት መሐንዲሶች በዚህ ላይ የሚያነሡብኝ ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። በማንሻ ሕግ ብንሄድ መያዣው ከፍ ባለ ቁጥር በእጅ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፤ ታዲያ ጣሪያው ላይ ማድረግ አይሻልም ወይ? ይላሉ። በወረቀት ላይ ይሻላል። ነገር ግን ቁመቷ 1.50 ሜትር የሆነች ሴት እጇን ወደላይ ዘርግታ መጨበጥ የምትችለው እስከ 1.80 ሜትር ገደማ ነው። መያዣው ከዚያ በላይ ከሆነ ተረከዟን ታነሣለች። ተረከዟን ባነሣች ቅጽበት ደግሞ የክብደቷ ማዕከል ወደ ጣቶቿ ይጠጋል፤ ቀደም ብለን ያሰላናት ያች 12 ሴንቲ ሜትር ገና ፍሬን ሳይያዝ አልቃለች ማለት ነው። ከትከሻ በላይ የተዘረጋ ክንድም ቶሎ ይደክማል። አንዱ እጅ ዘንቢል ይዞ ወይም በጀርባ የታዘለ ሕፃን ደግፎ፣ ሌላው ለቲኬት ገንዘብ ሲያወጣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሁላችሁም አይታችሁታል።

የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 107 ይህን ነገር በጥሩ መንገድ ይዞታል። ተሳፋሪ በሚቆምበት በማንኛውም ቦታ ላይ ሁለት መያዣዎች እጅ በሚደርስበት ርቀት እንዲኖሩ፣ ከሁለቱም ቢያንስ አንዱ ከወለሉ ከ1.5 ሜትር በላይ እንዳይሆን ያዝዛል። እኔ በዚህ ደንብ የምወደው ነገር የቱቦውን ብዛት አለመቁጠሩ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ ነው።

ስለ ቱቦው ውፍረት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያው ደንብ ከ20 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። የብሪታንያ የ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአውቶቡስ ተደራሽነት ደንብ ጠበብ አድርጎ ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይላል፤ የአሜሪካው ደግሞ ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱም የሚገናኙበት ቦታ የትንሽ እጅ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር የሚገናኝበት ነው። ከዚህ ሲወፍር መዳፍ አይዘጋም፤ ሲቀጥን ደግሞ ብረቱ ጣትን ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በቱቦውና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት ነው፤ ከ40 ሚሊ ሜትር ካነሰ የጣት አንጓ ከግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ክረምት ላይ ወፍራም ሹራብ ወይም ጓንት የለበሰ ሰውማ ጨርሶ እጁን ማስገባት አይችልም። ቀለሙም ጌጥ አይደለም። በለንደን አውቶቡሶች መያዣዎቹ በደማቅ ቀለም የተቀቡት ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ከጀርባው ለይተው እንዲያዩት ነው። ግራጫ ቱቦ በግራጫ ግድግዳ ላይ ሲገጠም፣ ማታ መብራቱ ደብዘዝ ባለበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ለእነዚህ ተሳፋሪዎች እንደሌለ ይቆጠራል። እንደ ድሬዳዋና እንደ ሰመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ በበር አጠገብ ፀሐይ የሚያገኘው እርቃን ብረት እጅ ያቃጥላል፤ በፕላስቲክ መሸፈን ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ያቃልላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቱቦው ከተሽከርካሪው አካል ጋር የሚያያዝበት ቦታ ነው። አንድ ቋሚ ዘንግ ሦስት ሰዎች ይይዙታል፤ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ሦስቱ በአንድነት ከ700 ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከ70 ኪሎ በላይ ይስቡታል። ይህን የሚሸከሙት ላይና ታች ያሉት ጥቂት ብሎኖች ናቸው። በከባድ መኪና ሻሲ ላይ አካላቸው እዚሁ አገር የሚሠራላቸውን፣ በተለምዶ ቅጥቅጥ የምንላቸውን ተሽከርካሪዎች ስመለከት፣ ዘንጉ ራሱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ የታሰረው በስስ የጣሪያ ላሜራ ላይ ብቻ የሆነበትን ሥራ አይቻለሁ። ከላሜራው ጀርባ ጉልበቱን የሚያሰራጭ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ወይም የጣሪያው አጥንት ከሌለ፣ ብሎኑ ሳይበጠስ ላሜራው ይቀደዳል። በኮብልስቶንና በኮረኮንች መንገድ ላይ ያለው ንዝረት ደግሞ የጠበቀውን ሁሉ ያላላል። የላላ ቱቦ በቦታው ላይ መሽከርከር ይጀምራል፤ የሚሽከረከር ቱቦ የያዘ ሰው የያዘው ብረት ሳይሆን የብረት ተስፋ ነው። ይህን የሚያውቁት ከጥገና ባለሙያው በፊት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ የሚነግሩበት ቦታ ግን የላቸውም። ቲኬት የሚቆርጡት ሠራተኞች በቀኑ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ዘንግ በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው እንዲያልፉ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

በሩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚደረስበት፣ መወጣጫውን እየወጡም እስከ ላይ ሳይለቁት የሚያደርስ መያዣ በበሩ ግራና ቀኝ ሊኖር ይገባል፤ ከሁለቱ አንዱ እጅ ብቻ የሚሠራ ሰው ይኖራልና። በሚኒባስ ታክሲ ግን ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ሲገባ የሚያገኘው የተንሸራታቹን በር ጠርዝ ነው፤ ያም ሲዘጋ ጣት የሚቆርጥ ነው። በውስጥ በኩል፣ በሩ ከሚዘጋበት መስመር የራቀ አንድ ክንድ የሚሞላ ቁም ቱቦ ይህን ይለውጠዋል።

ከበሩ እስከ ወንበር ያለው መንገድ ግን ዋናው ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው አዛውንቱ ገና ሳይቀመጡ ነው። በዚያ ጉዞ ላይ አንዱን መያዣ ለቀው ሌላውን እስኪይዙ ድረስ ያለው ቅጽበት የሚወድቁበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ነዳፊው የሚነድፈው ነጠላ ቱቦ ሳይሆን ሰንሰለት ነው ብዬ አስተምራለሁ፤ አንዱ እጅ ሳይለቅ ሌላው የሚቀጥለውን መጨበጥ አለበት።

ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሰጠሁት የመስክ ሥራም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ቁመቷ 1.50 ሜትር የሆነች ፈቃደኛ፣ በአንድ እጇ 5 ኪሎ የሚመዝን ዘንቢል ይዛ፣ ከፊት በር ተነሥታ እስከ ኋለኛው ወንበር በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ትሄዳለች። አንዱ ተማሪ ባዶ እጇ ምንም ያልያዘችበትን እያንዳንዱን እርምጃ ወለሉ ላይ በኖራ ያመለክታል፤ ሌላው የያዘችው መያዣ ጉልበቱን በቅርጽ ወይስ በሰበቃ እንደሚያግድ ይመዘግባል። ሜትር፣ ኖራና ዘንቢል እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሌሎች የትምህርት ክፍሎች መሳተፍ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መመዝገቢያ ቅጹ በአዳራሹ መውጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።