ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት

ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ማለት ድምፅን፣ ጽሑፍን፣ ምስልን ወይም የክፍያ ትእዛዝን በኤሌክትሪክ፣ በሬዲዮ ሞገድ ወይም በብርሃን ምልክት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማስተላለፍ ነው። ቴሌግራፍ፣ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት ከዚህ ይመደባሉ። ከዚህ በፊት የሩቅ ወሬ በአብዛኛው የሚደርሰው ይዞት በሚጓዘው ሰው፣ ፈረስ ወይም መርከብ ፍጥነት ነበር። ዋናው ለውጥ መልእክቱ ከመልእክተኛው መለየቱ ነው።

ታሪክ

ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የቴሌግራፍ መልእክት ላከ። እ.ኤ.አ. በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ዘላቂ ገመድ ሲዘረጋ፣ በመርከብ ከሳምንት በላይ ይፈጅ የነበረው ወሬ በአንድ ቀን ውስጥ መድረስ ጀመረ። በኢትዮጵያ ደግሞ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997፣ የሞባይል ስልክ በ1999 አገልግሎት መስጠት ጀመሩ።

በንግድ

የሩቁን ገበያ ዋጋ ቀድሞ የሚያውቅ ነጋዴ ከማያውቀው ገበሬ በርካሽ መግዛት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በየከተማው ባቆማቸው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ ማሳወቁ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነበር። ሆኖም ዋጋ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ መጋዘንና መጓጓዣ የሌለው ወይም ከነጋዴው ብድር የወሰደ ገበሬ የተሻለ ዋጋ መኖሩን እያወቀም በቅርብ ላገኘው ገዢ ሊሸጥ ይችላል።

ክፍያም ወደ ስልክ ገብቷል። በኬንያ ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2021 ተጀመሩ። ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም በአጭር ቁጥር ይሠራል። ገንዘብ በሰው እጅ መላክ ወይም ለዚሁ ብሎ ከተማ ድረስ መሄድ ቀንሷል። በሌላ በኩል የባንክ ሠራተኛ መስሎ ደውሎ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ተፈጥሯል፤ ደንበኛው የሚያነጋግረውን ሰው ፊት ስለማያይ ማንነቱን ማረጋገጥ ይከብደዋል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ

ቀድሞ እድር የአባሉን ሞት የሚያሳውቀው በጡሩምባ ነፊ ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ የስልክ መልእክትም ይላካል። መርዶ ግን እንደ ልማዱ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስበው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ ሲሰማ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። በውጭ አገር ለሚኖር ሰውም ወዳጆቹ ተጠርተው እቤቱ ሄደው ያረዱታል። ዛሬ ግን የሟቹ ፎቶ በፌስቡክ ወጥቶ አርጂዎቹን ሊቀድም ይችላል። በዚህም ምክንያት ቤተሰቡ እስኪረዳ ድረስ ምንም እንዳይለጠፍ መጠየቅ የተለመደ ሆኗል።

ግንኙነት ሲቋረጥ

ኑሮ በኔትወርክ ላይ በተመሠረተ ቁጥር የመቋረጡ ጉዳት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተዘጉ፤ በአብዛኛው የክልሉ ክፍልም ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆዩ። በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው ማውጣት አልቻለም፤ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች የወላጆቻቸውን ደኅንነት ማወቅ ተሳናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ መስመሮች ቀስ በቀስ ሲከፈቱ፣ ብዙዎች ከወራት በፊት ያረፉ ዘመዶቻቸውን መርዶ የሰሙት በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ነበር።