ተማሪዎች በሚያበጁት ጨዋታ እንግሊዝኛን ስለ መልመድ

የእንግሊዝኛን ሰዋስው በሚገባ አጥንቶ ሳለ፣ ተናገር ሲባል አንደበቱ የሚታሰርበት ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ብዙ ነው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሌላውም ትምህርት በዚሁ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ያልገባውን ለመጠየቅ እንኳ እያፈረ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ዝምታው የሚጎዳው አንዱን ትምህርት ብቻ አይደለም።

አንዳንድ መምህራን ይህን ለማስወገድ ጨዋታ ወደ ክፍል ያስገባሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከገበያ ከተገዛው ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያበጁት ይበልጣል። የሚጫወተው ልጅ መልስ ብቻ ሲፈልግ፣ የሚሠራው ግን ጥያቄውንም መልሱንም ሕጉንም በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ ይሆንበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጆቹ 4 ሆነው በካርቶን ላይ 30 ያህል ቤቶች ያሰምራሉ፤ ባለ ስድስት ገጽ ዕጣ ከእንጨት ይጠርባሉ፤ በትንንሽ ወረቀትም ጥያቄ ይጽፋሉ። ለምሳሌ «ጎ» የሚለው ግስ ላለፈ ጊዜ ምን ይሆናል ብለው ሲጠይቁ፣ «ዌንት» የሚለውን ከነፊደሉ አጥርተው ማወቅ አለባቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የሕጉ ጽሕፈት ነው። «ዕጣውን ጣል» ሲሉ ትእዛዝ አንቀጽን፣ «በቀዩ ቤት ብታርፍ ሦስት ቤት ተመለስ» ሲሉ ደግሞ «ኢፍ» በሚለው ቃል የሚጀምረውን ዐረፍተ ነገር ይለማመዳሉ። ሕጉ ግልጽ ካልሆነ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ሕጉን አሳምሮ እንደ ገና ያስጽፋል።

ይህ ልማድ ለሊቃውንቶቻችን እንግዳ አይደለም። ግእዝ በቤት የማይነገር ቋንቋ ሳለ፣ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ አይወሰንም፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማልም። በውጭ አገርም ስክራብል የተባለውን የቃላት ጨዋታ ያሰበው አሜሪካዊው አልፍሬድ በትስ፣ የትኛው ፊደል እንደሚበዛ ለማወቅ በጋዜጣ ገጾች ላይ ፊደላትን ቆጥሮ ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ጨዋታ ከ100ው ቁራጮች «ኢ» የተባለው ፊደል 12 ጊዜ ሲገኝ፣ «ኪው» አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል።

ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ጨዋታው ሲሞቅ ልጆቹ የሚሟገቱት በእናታቸው ቋንቋ ነው። ብልህ መምህር «ተራው የኔ ነው»፣ «ተሳስተሃል»፣ «ደግመህ ጣል» የሚሉትን ቃላት አስቀድሞ በእንግሊዝኛ በሰሌዳ ይጽፍላቸዋል። ደግሞም ፈጣኑ ልጅ ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ ዝምተኛውን ተመልካች እንዳያደርገው፣ ጽሕፈቱ በየተራ መሆን ይገባዋል።

በቤትም ወላጆች ባዶ ካርቶንና እፍኝ ባቄላ ቢሰጡ ይበቃል። በትምህርት ቤት የተሠራው ደግሞ በሣጥን ተቀምጦ ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ይሰጣል፤ እነርሱም የቀደሙትን ስሕተት ለማግኘት እየተሽቀዳደሙ ያነቡታል።