የግሸን አንዷ በር

የመስቀል በዓል አልፎ ደመራው አመድ ሲሆን፣ በካራቆሬ አስፋልት ዳር ሌላ ወቅት ይገባል። ከመስከረም 18 ጀምሮ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከደብረ ብርሃን የተነሱ አውቶቡሶች የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የቆላው ሙቀት ይቀበላቸዋል፤ ከዚያ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ። ግንባራቸው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፤ ከውስጥ የከበሮና የእልልታ ድምፅ ይሰማል። ሾፌሩ ለሻይ ከቆመ ሙዝና ፓፓያ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። "እማማ፣ ይውሰዱ፤ ለግሸን መንገድ ይሆንዎታል!" ይላል አንዱ፤ ራሱ ላይ የሶላት ቆብ አድርጓል። እማማ ዋጋውን ተከራክረው፣ ከፍለው፣ መርቀው ይሸኙታል። በይፋት ይህ ማንንም አይገርምም፤ ደገኛውና ቆለኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚውሉበት አገር ነው።

ካራቆሬን የውጭ ሰው የሚያውቃት በሌላ ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ የካራቆሬንም ቤቶች የጣለው፣ የአሥመራን መንገድ የሰነጠቀው የመሬት መንቀጥቀጥ በዓለም የሳይንስ መዛግብት የሚጠራው በእሷ ስም ነው። ለመንፈሳዊ ተጓዦቹ ግን ካራቆሬ መተላለፊያ ናት። ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፈው የሚሄዱት ወደ አምባሰል፣ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ነው።

ግሸን አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫና መውረጃው አንድ በር። ከላይ ሲታይ ቅርጹ መስቀለኛ ነው ይባላል፤ ምእመናንም ይህን ሰው ያልሠራው፣ ከፍጥረት ጀምሮ የተዘጋጀ ምልክት አድርገው ያዩታል። አናቱ ላይ የግሸን ማርያምና የእግዚአብሔር አብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሌሎችም ታቦታት አሉ። ዋናው ክብረ በዓል መስከረም 21 የሚውለው ብዙኃን ማርያም ነው። ግሸንን የረገጠ ኢየሩሳሌምን እንደተሳለመ ይቆጠርለታል የሚል ጽኑ እምነት ስላለ፣ በዚያ ቀን አምባው መቆሚያ ቦታ እስኪያጣ በሰው ይሞላል።

ይህን ሁሉ ሰው የሚስበው ግማደ መስቀሉ ነው፤ ክርስቶስ ከተሰቀለበት መስቀል የቀኝ ክንፉ። ትውፊቱ እንዲህ ይተርካል። ንግሥት ዕሌኒ በኢየሩሳሌም ያስቆፈረችው መስቀል ከጊዜ በኋላ በክርስቲያን ነገሥታት መካከል ለአራት ተከፈለ፤ የቀኝ ክንፉ ለአፍሪካ ወገን፣ ለእስክንድርያ ደረሰ። በአፄ ዳዊት ዘመን የግብፅ ገዢዎች በክርስቲያኖቹ ላይ ግፍ አበዙ፤ ፓትርያርኩንም አሰሩ። ጩኸታቸው ኢትዮጵያ ሲደርስ ንጉሡ ዓባይን ገድቤ አገራችሁን ምድረ በዳ አደርጋለሁ አለ። የግብፁ ሱልጣን ደንግጦ እስረኞቹን ፈታ፤ ብዙ ወርቅም እጅ መንሻ ላከ። ዳዊት ወርቁን መልሶ መስቀሉን ጠየቀ። ከግማደ መስቀሉ ጋር ክርስቶስ ሐሞት የጠጣበት ሰፍነግ፣ የለበሰው ከለሜዳ፣ ኩርዐተ ርእሱ የተባለው ሥዕልና ሌሎች ንዋያተ ቅድሳት ተሰጡት። ንጉሡ ግን ይዞ ሲመለስ ስናር ላይ ዐረፈ፤ መስቀሉም እዚያው ቀረ።

ቀሪውን የፈጸመው ልጁ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። መስቀሉን ከስናር አስመጣ። በሕልሙም መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖር ታዘዘ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባው ሱባኤ ገባ፣ አገር ለአገር ዞረ፣ መስቀለኛ ቦታ ፈለገ። ሦስት ዓመት ከደከመ በኋላ መልአክ መርቶ ግሸን አደረሰው። መስከረም 21 ቀን ገባ፤ ግማደ መስቀሉም ሳጥን በሳጥን ውስጥ ተደርጎ በእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች በጥልቀት ተቀበረ።

እኔን ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የሚይዘኝ ይህ ፍለጋ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ግሸንን ከማንም በላይ ያውቀው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1434 ዘውድ እስከጫነበት ጊዜ ድረስ የቆየው እዚያው አምባ ላይ ነው፤ እስረኛ ሆኖ።

የግሸን ሁለተኛው ታሪክ እዚህ ላይ ይጀምራል። የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ብዙ ሚስትና ብዙ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ዘውዱ ግን አንድ ነው። ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይነሳ የተገኘው መፍትሔ ከነጋሹ በቀር ያሉትን የንጉሥ ወንድ ልጆች፣ ልጆቻቸውንም ጭምር፣ አምባ ላይ ማኖር ነበር። ከዚያ በፊት ደብረ ዳሞ ለዚህ አገልግሎት ውሎ ነበር ይባላል፤ ዮዲት ጉዲትም መሳፍንቱን የፈጀችው እዚያ እንደሆነ ይተረካል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ግን ተራው የግሸን ሆነ። ንጉሥ ሲሞትና ወራሽ ሲታጣ ሹማምንት ወደ አምባው መልእክተኛ ይልካሉ፤ ከታሳሪዎቹ አንዱ ይመረጥና ይነግሣል። ዘርዓ ያዕቆብ እንዲህ ነው የወረደው። ከእሱ 60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1494፣ አፄ ናዖድም ከዚያው ወርዶ ነገሠ። ለዘውድ ያልታደለው ደግሞ እዚያው ኖሮ፣ መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ተምሮ፣ እዚያው ይቀበራል።

ጥበቃው ቀልድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአምባው ግርጌ አልፏል። መንገድ ስተው ወደ ክልሉ ሲጠጉ የድንጋይ ናዳ እንደወረደባቸው ጽፏል። የተከለከለውን ክልል የረገጠ ሰው እጅና እግሩ ይቆረጣል፣ ዓይኑም ይጠፋል ብለው እንደነገሩትም ያወሳል። በልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ያየውም ደስ አይልም፤ ከታሰሩት መሳፍንት የአንዱን ደብዳቤ አሳልፋችኋል የተባሉ ጠባቂዎች እየተገረፉ ሲመረመሩ ተመልክቷል።

የሚገርመው ይህ ወሬ አውሮፓ ሲደርስ የያዘው መልክ ነው። አልቫሬዝ የጻፈው ስለ ገደልና ስለ ግርፋት ነበር። ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ግን አምባው ለመሳፍንት የተዘጋጀ ገነት ሆነ፤ ምንጩ፣ አትክልቱ፣ ቤተ መንግሥቱ ተጨመረበት። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው "የጠፋችው ገነት" ውስጥ ስሙን ጠርቶታል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈው ራስላስ የተባለ የሐበሻ መስፍን ልቦለድም የተነሳው ከዚሁ ወሬ ነው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሰው የኛም አንባቢ ያውቀዋል። ጆንሰን ቢያንስ አንድ ነገር አልሳተም፤ የሱ መስፍን ምቾቱ ሰልችቶት መውጫ ሲፈልግ ነው የምናገኘው።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። መስቀለኛ ቦታ ፍለጋ ሦስት ዓመት የዞረው ንጉሥና በዚያው መስቀለኛ አምባ ታስሮ የኖረው መስፍን አንድ ሰው ናቸው። ትውፊቱን እንደ ተራ ዜና የሚያነብ ሰው "ታዲያ ምን አስፈለገው?" ብሎ ሊስቅ ይችላል። ለኔ ግን ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው። ንጉሡ በመንግሥቱ ውስጥ ካሉት ተራሮች ሁሉ ማንም በቀላሉ የማይገባበት የትኛው እንደሆነ በገዛ ቆዳው ያውቃል። ውድ ነገር ለመደበቅ የቀድሞ እስር ቤቱን መምረጡ ብልህነት ነው። ያን ቦታ መላእክት ካልመሩት በቀር አላገኘውም ማለት ደግሞ የመከራ ቦታውን ወደ ጸጋ ቦታነት መቀየር ነው። ለመስፍኑ የተዘጋች በር ለመስቀሉ ጠባቂ ሆነች። ትውፊትና ታሪክ እዚህ ላይ አይጣሉም፤ አንዱ ሰው ያደረገውን፣ ሌላው ያደረገው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል።

የታሪክ ሰነድ ስለ መስቀሉ አመጣጥ የሚለውም አለ። ዳዊት ከግብፅ ጋር መላላኩ እውነት ነው፤ ለሱልጣን በርቁቅ 22 ግመል የተጫነ ስጦታ እንደላከ የዐረብ ጸሐፍት መዝግበዋል። ከዚህ ሌላ ግን አንቶኒዮ ባርቶሊ በተባለ የፍሎረንስ ሰው የተመራ የዳዊት ልዑክ በ1402 ነብሮች አስከትሎ ቬኒስ ገብቷል። ሲመለስም ባለሙያዎችና ንዋያተ ቅድሳት ይዞ ነበር፤ ከነዚህም መካከል የመስቀሉ ቅንጣት ይገኝበታል። ስለዚህ ከመስቀሉ ክፋይ ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱን ተጠራጣሪ የታሪክ ምሁር እንኳ አይክድም፤ ጥያቄው በየት በኩል መጣ የሚለው ነው። ትውፊቱ የቬኒስን ባሕር ትቶ የዓባይን ወንዝ መረጠ። ዓባይ የገባበትን ታሪክ ሰው አይረሳውም።

የግሸን ካህናት ምስክር አድርገው የሚያቀርቡት መጽሐፈ ጤፉትን ነው። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ፣ በአምባው የሚጠበቅ የብራና መጽሐፍ ሲሆን፣ የመስቀሉ ታሪክና የደብሩ ጉዳዮች ተጽፈውበታል። ፈረንሳዊው ሊቅ አንድሬ ካኮ በ1955 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ጥናት አቅርቦበታል።

የይፋት ሰው ከዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱም ድርሻ አለው። መስቀሉን ያስመጣው ዳዊት ከይፋቱ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ጋር የተዋጋው ዳዊት ነው። የዚያ ሱልጣኔት የፈረሱ ከተሞችና መስጊዶች ዛሬም ከዚህ አስፋልት በስተ ምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ አሉ፤ ኖራ የተባለው ፍርስራሽ የመስጊዱ ግንብ ሳይቀር ይታያል። ከመቶ ዓመት በኋላ ጦርነቱ አቅጣጫውን ቀየረ። የኢማም አሕመድ ሠራዊት በ1531 አምባውን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። በ1540 ግን ግሸን ተያዘ፤ መሳፍንቱና ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፣ በነገሥታቱ የተከማቸው ሀብት ተዘረፈ። የእስር ቤቱ ታሪክ እዚያ ላይ አበቃ። መሳፍንትን አምባ ላይ የማኖር ልማድ በፋሲለደስ ዘመን ሲመለስ የተመረጠው በበጌምድር ያለው ወህኒ አምባ ነው። ለግሸን የቀረው መስቀሉ ብቻ ሆነ፤ ምእመናን እንደሚያምኑት ያን ያገኘ ወራሪ የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የተሳላሚው ታሪክ ነው። ዱሮ በእግር፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ተሸክሞ፣ ሳምንታት ፈጅቶ ነበር የሚደረሰው። ዛሬ የጉዞ ማኅበራት ወንበር ይሸጣሉ፤ ደርሶ መልሱ በቀናት ያልቃል። መኪና ያቀለለው ግን እስከ አምባው ድረስ ነው። የመጨረሻው ዳገት ያው ነው፤ በሩም ያው አንዱ በር ነው። የሚገባውና የሚወጣው በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ትከሻ ለትከሻ ይገናኛል። አሮጊቶች በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ስለት ያስገባል፣ ጥላ የተሸከመ አለ፣ ሻማ በጥቅል የያዘ አለ። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ያድራል። ወይና ደጋ ለምዶ በነጠላ ብቻ የመጣ ከተሜ የአምባሰልን ብርድ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ከጎኑ ካለው ሰው ይጋራል። ግማደ መስቀሉን ግን ማንም አያይም። ሕዝቡ የሚሳለመው የተቀበረበትን ቦታ ነው፤ ሲመለስ ጠበልና እምነት ይዞ ይወርዳል።

መንገዱ በየዓመቱ እኩል አልተገኘም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ካራቆሬም ከስጋት አላመለጠችም፤ ጦርነቱ ወሎ በገባባቸው ወራት ደግሞ ጉዞው ራሱ የማይታሰብ ሆኖ ነበር። ሰላም ሲሆን አውቶቡሶቹ ይመለሳሉ፤ ሙዝ ሻጮቹም።

መስከረም ላይ ሥራ ወይም ትምህርት የሚይዘው፣ ወይም ግፊያውን የማይችል ሰው ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ መሄድ ይችላል። ያኔ መሬቱ ደርቋል፣ ጭቃ የለም፤ ብርዱ ግን ከመስከረሙ ይከፋልና ሁለት ጋቢ መያዝ ነው።