ልስን የማይፈልገው ግድግዳ ሂሳቡ እንዴት ነው?

ቤት ለማሠራት የተነሳ ሰው ከተቋራጩ ጋር ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው በብሎኬት ዋጋ ነው። ብሎኬት ግን ግድግዳ የሚመስለው ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ቀለሙም ጥቂት ክረምት ካሳለፈ በኋላ መልቀቅ ይጀምራል፤ ባለቤቱም እንደገና ኪሱን ይዳብሳል። ሳይለሰን ፊቱ እንዲታይ ተደርጎ የሚገነባ የሸክላ ጡብ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ወጪው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ልስንም ቀለምም አይጠይቅም።

እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 24፣ ወርዱ 12፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ጡብ የ1 ሳንቲሜትር መጋጠሚያ ተትቶለት በርዝመቱ ሲደረደር ለአንድ ካሬ ሜትር 57 ያህል ይፈጃል። ረጅም ጎኑና ጫፉ እየተፈራረቁ የሚታዩበት ባለ 24 ሳንቲሜትር ግድግዳ ከሆነ ግን ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ንድፉ ሳይታወቅ ጡብ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጌጡ የሚገኘው ከአደራደሩ ነው። አንዳንዱ ጡብ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ወጣ ይላል፤ አንዳንዱ ዘወር ይላል፤ በመካከል ክፍተት ከተተወ ደግሞ ብርሃንና ነፋስ ያስገባል። በስዊዘርላንድ የጋንተንባይን ወይን ጠጅ መጥመቂያን 20 ሺህ ያህል ጡቦች እ.ኤ.አ. በ2006 የደረደረው ሮቦት ነበር። በኒው ዴልሂ የደቡብ እስያ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች ማዕከልን የተጠማዘዘ ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠሩት ግን ግንበኞች ናቸው። ምስጢሩ አንድን አደራደር እየደጋገሙ መሄዳቸው ነው። ስለዚህ ዋናው ተጨማሪ ወጪ የግንበኛው ጊዜ ነው ማለት ነው። ንድፉ ተደጋጋሚ ከሆነ የግንበኛው እጅ ይለምደዋል፤ የእጅ ዋጋውም ይቀንሳል።

ገበያ ሲወጡ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ። የጡብ ቀለም ከምድጃ ምድጃ ስለሚለያይ የሚያስፈልግዎትን በአንድ ጊዜ ይዘዙ፤ ሲሠራም ከተለያየ ክምር እየተቀላቀለ ይደርደር። ለስብራት መጠባበቂያ ያስቀሩ። ልስን ጉድለት ይሸፍናል፤ የሚታይ ጡብ ግን የግንበኛውን ስህተት ሁሉ ያጋልጣል። ስለዚህ ቱንቢና ውሃ ልክ ከእጁ የማይለዩ፣ ስቲላቱራ የሚያውቅ ባለሙያ ይምረጡ።

ጡቡ ከብሎኬት ፊት ለፊት እንደ ልባስ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ዝገት በማይበላው ብረት ከኋላው ግድግዳ ጋር መታሰር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያልታሰረ ልባስ በእንዲህ ያለ ቀን የሚወድቀው በመንገደኛ ላይ ነው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት አንድ ካሬ ሜትር ናሙና ያሠሩ። ናሙናው ካላስደሰተዎት ቢፈርስ ኪሳራው ጥቂት ጡብ ነው፤ ያለቀ ፎቅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም።